ስለ ደጄ ሣርና ስለ አስከሬን ማረፊያው

ለክቡር አቶ ደመላሽ፣
የከተማችን የንግድ ቤቶች ደጅ ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከወንበሩ ብዛት እንዳልታመመ፣ ዓይንዎ ከፕላኑ ብዛት እንዳልደከመ፣ ጫማዎም የእኛን ሰፈር አቧራ እስካሁን እንዳላየ ተስፋ አደርጋለሁ። የያዝነውንም ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከሰንሰለትዎ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ በሱቄ በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እርስዎ ለእኔ የጻፉትን ማስጠንቀቂያ ሠራተኛዎ በዚሁ በር ላይ ስለለጠፈው ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አንብቦታል፤ መልሱንም እዚያው ቢያገኘው ይቀለዋል ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ፣ ከሃምሳ ዓመቴ ወዲያ፣ በማታ ትምህርት ቤት የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ ስለዚህ መልሴ ከዘገየ ይቅር ይበሉኝ።

የማስጠንቀቂያው ፍሬ ነገር ይህ ነው። እኔ በደጄ የተተከለ የመንግሥት ሣር አውድሜያለሁ ተብያለሁ፤ የሣሩን ካሳ እንድከፍል፣ የሚመጣውንም ዓመት የደጅ ማስዋቢያ ዕቅድና በጀት በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ፤ ይህን ሁሉ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልፈጸምሁ ሱቄ ይታሸጋል። በጽሑፍ አቅርቢ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከእኔ የፈለገው የአውራ ጣቴን አሻራ ብቻ ነበር፤ ሠራተኛዎም ይህን ልማድ አክብሮ የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ቆይ ላንብበው ብዬ ስቀመጥ ሰዓቱን እያየ «እማማ፣ ምን ያነቡታል፤ የሁሉም አንድ ነው» አለኝ። አነበብሁት። የሁሉም አንድ አልነበረም።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ እንዲገባው ስለ ደጄ ጥቂት መናገር አለብኝ። ከላይ ከጮቄ ሥር ካሉት መንደሮች ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያመጣው መንገድ በሱቄ ፊት ያልፋል። አንድ ሰው ሲሞት ከቤቱ ወጥቶ መቃብሩ እስኪደርስ አስከሬኑ በመንገድ ላይ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ ባረፈበትም ፍትሐት ይደርሳል። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ የማያውቀው ፕላንዎ ነው። ከሰባቱ ማረፊያዎች አንዱ የእኔ ደጅ ነው። ከእኔ ደጅ በኋላ ዳገቱ ስለሚጀምር ተሸካሚዎች ቃሬዛውን አውርደው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ትከሻ የሚለዋወጡት እዚህ ነው። ባለቤቴ እንዳላማው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሱቁን ስንሠራ ግድግዳውን ከመንገዱ ብዙ ወደ ኋላ ስቦ ሲያስጀምር ግንበኛው «ጋሼ፣ መሬት ተርፎዎት ነው?» ብሎ ስቆበት ነበር። እንዳላማው «ተርፎኝ አይደለም፤ ሰው ያርፍበታል» አለው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያ መሬት በካርታ የእኛ፣ በሥራ የሙታን ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ሕጉ ስለሚያዝ፣ እነሆ።

አንደኛ፤ ባለፈው መስከረም ባለሙያዎ ወይዘሪት ሂዊ ሜትር ይዛ መጥታ ደጄን ለካች። ሰው አክባሪ ልጅ ናት፤ ሰላምታ ሰጥታኝ፣ ጫማዋን አራግፋ ነው የገባችው። «እማማ፣ ይሄ ባዶ ቦታ ለምን አገልግሎት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «አስከሬን ያርፍበታል» አልኋት። ቅጹን በምትሞላበት ስልኳ ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ «እማማ፣ እዚህ ላይ ለአስከሬን የሚሆን ምርጫ የለም እኮ፤ ወይ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ወይ አረንጓዴ ቦታ ነው፣ ወይ ጥቅም ላይ ያልዋለ ነው» አለችኝ። በእርሷ አልተቀየምሁም፤ ካሉት ሦስቱ አንዱን መምረጥ ስለነበረባት ጥቅም ላይ ያልዋለ አለችው። ከዚያም በአዳራሹ ስብሰባ ላይ በግድግዳው ላይ በመብራት ያሳዩንን የደጄን ሥዕል አየሁ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ዘንባባ ቆሟል፤ አንዲት ፈረንጅ ሴት ሕፃን በጋሪ እየገፋች ታልፋለች። በዚያ ሥዕል ውስጥ የሞተ ሰው የለም፤ የሚያለቅስም የለም። እጄን ባወጣ «ጥያቄ በመጨረሻ» አሉ፤ በመጨረሻ ደግሞ ሻይ መጣ። ጽሕፈት ቤትዎ የቦታውን ተጠቃሚዎች አወያይቶ ዕቅዱን በአንድ ድምፅ እንዳጸደቀ ኋላ ሰማሁ። እውነትዎን ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ተነሥተው ወደ ስብሰባ መምጣት የማይችሉ ሰዎች ስለሆኑ የተቃወመ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ የማስዋቢያው ወጪ በደጅ ስፋት ይከፈል ተብሎ ስለተወሰነ ለፍትሕዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከእኔ ፊት ለፊት ያለው የአቶ ታረቀኝ ሆቴል ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን፣ ደረጃው ከአስፋልቱ ጋር ስለተጣበቀ ደጅ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ የእርሳቸው ድርሻ ሁለት የአበባ ማሰሮ ሆነ። የእኔ ሱቅ ጨው፣ ሳሙና፣ ሻማና አቡጀዴ የሚሸጥባት አንዲት ክፍል ስትሆን ደጇ ግን ሰፊ ነው። ስለዚህ ሣሩ፣ ዘንባባው፣ የብረት ምሰሶው፣ ሰንሰለቱ፣ ውኃውና የጥበቃው ደመወዝ በእኔ ላይ ወደቀ። መንገዱን እስከ ጫፉ ገንብቶ የያዘ ሰው ሁለት ማሰሮ፣ ለሌላው ብሎ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ደግሞ የዓመት ገቢውን እንዲያወጣ ያሰላውን ባለሙያ በስሙ ጠርተው ያመስግኑልኝ። ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ከእንግዲህ ቤት የሚሠራ ሁሉ ግድግዳውን ወዴት እንደሚገፋ ያውቃል።

ሦስተኛ፤ ሣሩ የተተከለው በኅዳር ነው። በሰኔ ቢተከል ዝናቡ ያለ በጀት ያጠጣው ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ የተለቀቀው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ስለሆነ ሣሩ እንደ ማንኛችንም ወረፋውን ጠበቀ። ዘንባባዎቹ ከቆላ በመኪና ተጭነው መጥተው ከእኛ ውርጭ ጋር ተዋወቁ። ትውውቁ አልረዘመም። ከጠወለጉ በኋላ የበላይ አካል ሊጎበኝ ነው ተብሎ ሠራተኞችዎ መሰላል ይዘው መጥተው ቅጠላቸውን አረንጓዴ ቀለም ቀቧቸው። በከተማችን የሞተን ሰው ማሳረፍ ክልክል ሲሆን የሞተን ዘንባባ ቀለም ቀብቶ ማቆም ግን መፈቀዱን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሣሩንም ለማጠጣት የውኃ ቦቴ ይመላለስ ነበር። የሰፈራችን ቦኖ ደርቆ ስለነበር ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን በሱቄ ጥግ ደርድረው ሣሩ ሲጠጣ ቆመው ያዩታል። ከእነርሱ አንዷ «እትዬ ሥራነሽ፣ ምናለ እኔንም በተከሉኝ» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። እርስዎም ቢኖሩ ይስቁ ነበር።

አራተኛ፤ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ረዘም ቢልብኝ ይታገሡኝ።

በጥር ወር ከላይኛው መንደር የዜማ አስከሬን መጣ። ዜማ በምጥ የሞተች ልጅ እግር ሴት ናት። ሕፃኑም አልተረፈም። ሁለቱም በአንድ ቃሬዛ ላይ ነበሩ። ተሸካሚዎቹ ከማለዳ ጀምረው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቆይተው ደጄ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ወደ ማረፊያው ዞሩ፤ ሰንሰለቱም ጉልበታቸው ላይ ያዛቸው። ጽሕፈት ቤትዎ የቀጠረልኝ ጥበቃ አንሙት ከወንበሩ ተነሥቶ «አይቻልም፤ ሣሩ ገና አልያዘም፤ ኃላፊው ከልክለዋል» አላቸው። አንሙት የዚያው የላይኛው መንደር ልጅ ስለሆነ ከፊት የተሸከመው ሰው ስሙን ጠርቶ «አንተ፣ አባትህን እዚህ አይደለም ያሳረፍነው?» ሲለው «እሱማ ሣር ሳይኖር ነው» አለ። ወዲያው ድምፁ ተለወጠና «ወንድሞቼ፣ በእናታችሁ፣ እንጀራዬን አታሳጡኝ» ብሎ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። እያለቀሰም አልለቀቀም። በእርሱ አልፈርድም፤ ልጆች አሉት፣ መሬት የለውም። ደመወዙ ከእኔ ገንዘብ የሚከፈል በመሆኑም ዜማን በደጄ እንዳታርፍ የከለከልኋት በገዛ ገንዘቤ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

ተሸካሚዎቹ የሚይዙት የሚጨብጡት ሲያጡ ቃሬዛውን አስፋልቱ ላይ አወረዱት። ጥላው ተዘረጋ፤ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ፍትሐቱን ጀመሩ። ከበስተኋላ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጥቶ ቆመ። ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ ጡሩምባውን ነፋ። መሪጌታ ቀና ሳይሉ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ደግሞ ነፋ። ሕዝቡ ተረበሸ። ከፊት የነበሩት ጸሎቱ ያለቀ መስሏቸው ቃሬዛውን ብድግ ሲያደርጉት ከኋላ ያሉት ገና አልጨበጡም ነበርና አዘመመ፤ የተሸፈነችበት ጋቢ ተንሸራተተ፤ ሕፃኑ የተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ ከጎኗ ሾልኮ ወጣ። በሁለት እጇ የቀለበችው የዜማ እናት ናት። መሬት አልነካም። ለጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት የሚያስፈልግ ከሆነ በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ፤ ሕፃኑ መሬት አልነካም፤ ሣርም አልተረገጠም።

እናቷ ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሁሉ ወደ ሱቄ ትመጣለች። ምንም አትገዛም። «እትዬ፣ ያ ፍትሐት ደረሰ ወይስ ተቆርጦ ቀረ?» ትለኛለች። አንድ ቀን መሪጌታን አስጠርቼ ፊቷ ላይ አስነገርኋት፤ «ደርሷል ልጄ፤ አስፋልት ላይ የተባለውንም ይሰማል» አሏት። እጃቸውን ሳመች፤ ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ መጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ። እኔ ፊደል እንጂ ሌላ ትምህርት የለኝም፤ ስለዚህ ጥያቄዋን ተመልክተው በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ለሚመለከተው የሥራ ክፍል እንዲመሩልኝ አመለክታለሁ።

አምስተኛ፤ ማስጠንቀቂያው «አውድማለች» ይላል። ይህ ስሕተት ስለሆነ ይታረምልኝ። በቀብሩ ማግሥት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶማ ይዤ ሣሩን አነሣሁት። ከኅዳር ጀምሮ ያን ያህል ውኃ ጠጥቶ ሥር ስላልያዘ ብዙም አላስቸገረኝም፤ እንደ ሰሌን እየተጠቀለለ ተነሣ። አንሙት ወንበሩን ወደ ጥላ ስቦ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፤ ስለ ጀርባው አመሰግነዋለሁ። የተጠቀለለውን በጎረቤት አህያ ጭኜ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ አራገፍሁት። ዘበኛዎ «እማማ፣ ማን አመጣው ልበል?» ሲለኝ ስሜን እስከነአባቴ ነገርሁት። ስለዚህ ሣርዎን በክብር አስረክቤያለሁ እንጂ አላወደምሁም። አህያዋ በመንገድ የቀነጨበችው እንዳለ ግን አልክድም። እርሱ ይገመትና ይጠየቀኝ፤ ከዚያ ሁሉ በጀት የተጠቀመች ሕይወት ያላት ፍጥረት እርሷ ብቻ ናት።

ስድስተኛ፤ ሣሩ ከተነሣ ሰንሰለቱም ይነሣል ብዬ ሞኝነቴ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሠራተኞችዎ መጥተው መቆለፊያ ጨመሩበት። ዛሬ ሰንሰለቱ ባዶ አፈር ከብቦ ይጠብቃል፤ «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳም በአፈሩ መካከል ቆሟል። አቶ ታረቀኝ ከሆቴላቸው ደረጃ ላይ ሆነው ለሰው ሁሉ እንዲሰማ «ሥራነሽ ሬሳ ደጇ ካልቆመ ሞቼ እገኛለሁ የምትለው አቡጀዴ ልትሸጥ ነው» ይላሉ። ደጄ የሚደርሱት ሁሉ ተከፍነው ያለቁ ናቸው፤ ሁለተኛ ከፈን የገዛኝ እስካሁን አልገጠመኝም። ከቀብር መልስ ጉሮሮውን ሊያርስ ጎራ የሚል ለቀስተኛ ግን የማንን ቤት እንደሚሞላ ከተማው ያውቃል።

ከዜማ በኋላ የላይኛው መንደር ሰዎች አስከሬናቸውን በመንገዱ ማምጣት ተዉ። ከሱቄ ጀርባ ባለው ቦይ፣ የከተማው ቆሻሻ በሚደፋበት በኩል፣ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። በጓሮዬ በር እሰማቸዋለሁ። ሙሾ የለም፤ ጥላ የለም፤ «ቀስ፣ ቀስ በሉ፤ እዚህ ጋ ያንሸራትታል» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ተሸካሚ ወድቆ ክንዱን ሰበረ። እኛ ይህችን ከተማ በእግራችን ገበያ እየመጣን፣ ግብር እየከፈልን፣ ልጆቻችንን እያስተማርን ያቆምናት ሰዎች ነን፤ ዛሬ ስንሞት እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ በጓሮ እንድናልፍ ሆኗል። ከተማዋ አምራለች፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

አሁን ወዳዘዙኝ ዕቅድና በጀት እመጣለሁ። ወይዘሪት ሂዊ በየትኛው መስመር እንደምታስገባው ባላውቅም እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ። የቦታው አገልግሎት፦ የአስከሬን ማረፊያ። የሚተከል፦ ምንም። የሚጠጣ፦ ምንም። ጥበቃ፦ አያስፈልግም፤ እስካሁን ከዚያ ቦታ የተሰረቀ ነገር የለም። የሚያስፈልግ ዕቃ፦ መጥረጊያና፣ በክረምት ተሸካሚ ጭቃ እንዳያንሸራትተው የሚበተን ጠጠር። ጠጠሩን የላይኛው መንደር እድር በየሰኔው ከወንዝ አምጥቶ ይበትነዋል፤ እንዳላማው በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበር። መጥረጊያውን እኔ እችላለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ የሚጠየቅ፦ አንድ ሰው ልከው ሰንሰለቱን ማስፈታት። ለዚህ የውሎ አበል የሚያስፈልግ ከሆነ ይጠይቁኝ፤ እከፍላለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ከተዋወቅን ወዲህ በደስታ የምከፍለው የመጀመሪያው ገንዘብ ይሆናል።

ካሳውን ግን አልከፍልም፤ ለሚመጣውም ዓመት ሣር አልፈርምም። ስለዚህ ሱቁን ያሽጉት። ሠራተኞችዎ ጨውና ሳሙና ሲቆጥሩ እንዳይውሉ ዕቃውን አውጥቼ ጨርሻለሁ፤ ቁልፉም በዚህ ደብዳቤ ግርጌ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከዚህ ሱቅ በቀር መተዳደሪያ የለኝም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን በፋይሌ ላይ ሌላ ገቢ አላት ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። ልጆች አልሰጠንም፤ የሚጦረኝ የለም፤ በስድሳ አምስት ዓመቴ ጉሊት ላይ ሽንኩርት መሸጥ እጀምራለሁ። ጉሊቱ ደጅ ስለሌለው ሣር አይተከልበትም ብዬ አስባለሁ፤ ካለው ቢያስታውቁኝ።

ሱቁ ይታሸግ፤ ደጁ ግን አይታሸግም። የሚቀጥለው አስከሬን ከላይኛው መንደር ሲመጣ ወደ ቦዩ ከመውረዱ በፊት መንገዱ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ መቆለፊያውንም ሣሩን ባነሣሁበት ዶማ እሰብረዋለሁ። ለመሪጌታም፣ ለእድሩም ዳኛ ነግሬያለሁ። «ያስሩሻል» ብለውኛል፤ ይሰሩኝ ብያለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ለዕቅድ ካለው ፍቅር የተነሣ ቀኑን አስቀድሜ ባሳውቅዎ ደስ ይለኝ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ግን የሚሞቱበትን ቀን በበጀት ዓመት አይይዙም። ፖሊስ መላክዎ ካልቀረ ሰፋ ያለ ትከሻ ያላቸውን ይምረጡልኝ፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ስለፈለሰ ተሸካሚ ያንሰናል።

ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥዕሉ፣ ለዘንባባው ቀለም፣ ለመቆለፊያውና ላስተማሩኝ ትዕግሥት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ሰንሰለትዎን ከዝገት፣ ወንበርዎን ከመናወጥ፣ ደጅዎንም ከለቅሶ ይጠብቅልዎ።

በገዛ እጇ ጽፋ፣ በገዛ እጇ የለጠፈች፣
ሥራነሽ አስረስ፤
እስከ መጋቢት መጨረሻ ባለ ሱቅ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልለጥፈው እናትዎ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከላይኛው መንደር ወደ ቅዳሜ ገበያ ወርደው ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። በጣም ደክመዋል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ከዚህ ክረምት የሚያልፉም አይመስላቸውም። ሰንሰለቱን በበትራቸው ነካ አድርገው «ልጄ፣ እኔንስ በየት ያሳልፉኝ ይሆን?» አሉኝ። ቀጥለውም «ሰሌዳው ምን ይላል? ተምረሻል አሉኝ፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ሣር አትርገጡ ነው የሚለው አልኋቸው። ከሥሩ የተጻፈውን የእርስዎን ስም ግን አላነበብሁላቸውም።